ሣሩ እንደገና ሲበቅል

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ እፍኝ የምትሞላ ለምለም ሣር በፌስታል ይዘዋል። አጠገባቸው ያለችው ወጣት ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ሣሩ ለምንድን ነው?»

«ለባለቤቴ ላሳያት። ጭሮ ሐኪም ቤት ተኝታለች።»

«ምን ሆነው ነው?»

«ኦፕራሲዮን ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ደህና ነች። ስትደውል ግን የምትጠይቀኝ ስለ ላሟ ነው። ልትወልድ ደርሳለች።»

«ምን ይሉዎታል?»

«ለላሟ የዘራነውን ሣር ከሥሩ እንዳታጭደው፣ ስንዝር ተውለት ትለኛለች። ካጨድክ በኋላ ዩሪያ ማዳበሪያ ጨምርበት፣ መሬቱ ሳይርስ ግን እንዳትበትን ትለኛለች።»

«እንዳሉት አደረጉ?»

«የለም። ከመሬቱ አስጠግቼ አጨድኩትና ቢጫ ሆነብኝ። ደንግጬ ደበቅኳት።»

«ከዚያስ?»

«ዝናብ ሲጥል ዩሪያውን በተንኩ። ጠዋት ማታ እየሄድኩ ሳየው ከረምኩ። ይኸው፣ ጉልበቴ ጋ ደርሷል።»

«ታዲያ አሁን ይነግሯቸዋል?»

«አዎ፣ መጀመሪያ ሣሩን ትይ።»

«ቢቆጡስ?»

«ትቆጣ። ሰንብቷል እኮ፣ ፊት ለፊት ከተቆጣችኝ። ናፍቆኛል።»

ወሬያቸው ይዞኝ፣ መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩ።