ከረመዳን የተረፉ ቀናት

ከአሰላ ወደ ሁሩታ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡ እናት አጠገባቸው ላለችው አስተማሪ ስለ ልጃቸው ያወሯታል።

«ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሰኞና ሐሙስ ትጾማለች፣ ማሻአላህ።»

«በሌላው ቀንስ?»

«ረመዳን ላይ ያለፋትን ጾም እየተካች ቀዳ ታወጣለች።»

«ስንት ቀን አልፏት ነበር?»

«ሰባት። ገና አልጨረስኩም ትለኛለች።»

«ስታፈጥር ምን ትበላለች?»

«ሁለት ተምር። ሾርባውን ለወንድሟ ትሰጠዋለች።»

«ዩኒፎርሟ ልኳ ነው?»

«ዘንድሮ ሁለቴ አጠበብኩላት። ቁመት ስትጨምር ነው ብዬ።»

«እስካሁን ስንት ቀን ቀዳ አወጣች? እስቲ ይቁጠሩት።»

እናትየዋ ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ፤ አስሩም ሲያልቅ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ኢላሂ» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ በየቀኑ ባዶውን እየተመለሰ ሲያስደስተኝ የከረመውን የልጄን ምሳ ዕቃ አሰብኩ።