ያልመጣ ተስማምቷል

የወረዳው የጽዳት ጽሕፈት ቤት፤ የሰፈሩ ኮሚቴ የቀድሞ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሸዋረገድ የቢሮው ኃላፊ ጥጋቡ ፊት ቆመዋል፤ ትናንት የሰፈሩ ስብሰባ የቆሻሻ ገንዳው እሳቸው በር ላይ እንዲቆም ወስኖ፣ ዛሬ ጠዋት መኪና አምጥቶ አስቀምጦታል።

ሸዋረገድ፦ አንሣልኝ ብያለሁ አንሣልኝ! ባሌ የሳንባ በሽተኛ ነው። መስኮቱን ብከፍት ግማቱ፣ ብዘጋው መታፈኑ!

ጥጋቡ፦ እትዬ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ሕዝቡ ይወስናል፣ ወረዳው ያስፈጽማል።

ሸዋረገድ፦ ሕዝቡ! እኔ ሰውዬውን ይዤ ሆስፒታል በዋልኩበት ቀን ነው ሕዝብ የሆነው?

ጥጋቡ፦ ያልመጣ ተስማምቷል።

ሸዋረገድ፦ ይኼ ደግሞ የየት አገር ሕግ ነው?

ጥጋቡ፦ የእርስዎ ነዋ። አምና ሰብሳቢ ሳሉ ገንዳውን ጋሽ ቢያድግልኝ በር ላይ ያስወሰኑት በምን ሆነና? እሳቸውም እኮ ስብሰባው ላይ አልነበሩም።

ሸዋረገድ፦ ሰውዬው ዓይነ ስውር! አያዩትም ብዬ ነው።

ጥጋቡ፦ አፍንጫ ግን ነበራቸው።

ሸዋረገድ፦ አሁን ደግሞ ገደልሻቸው በለኛ! በእርጅና ነው የሞቱት። ገንዳ ሰው አይገድልም።

ጥጋቡ፦ ጥሩ። እንግዲያው ባለቤትዎንም አይገድልም።

ሸዋረገድ፦ አንተ አንጀት የለህም? እሱ እኮ ደም እያሳለ ነው!

ጥጋቡ፦ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ እትዬ።

ሸዋረገድ፦ ጥጋቡ፣ ልጄ፣ እግርህ ላይ ልውደቅ?

ጥጋቡ፦ ኧረ ይቅር! ሌላ ስብሰባ ይጠራና ሌላ በር ያስወስኑ፤ መኪናው በማግስቱ ያነሣዋል። የማን በር ይሁን?

ሸዋረገድ፦ የትርንጎ። የቀበሌ ቤት ነው፣ ዘመድ የላት፣ ማን ይቆምላታል?

ጥጋቡ፦ ያቺ ሕፃን ያዘለችው?

ሸዋረገድ፦ ሕፃን ሁሉን ይለምዳል።

ጥጋቡ፦ ትናንት ምን እንዳለች አልሰሙም ማለት ነው።

ሸዋረገድ፦ ምን አለች?

ጥጋቡ፦ የእድር ጓደኞችዎ እጃቸውን ሲያወጡ እሷ ብቻ ተነሣች። «በሽተኛ ይዛ በሄደችበት እንዴት ይፈረድባታል? ነውር ነው!» አለች። ሁሉም ሳቀባት። እኔም ቁጭ በይ አልኳት።

ሸዋረገድ፦ ትርንጎ?

ጥጋቡ፦ ትርንጎ። እያለቀሰች ነው የወጣችው።

ሸዋረገድ፦ እግዜር ይስጣት፣ ድሮም ደግ ልጅ ናት…

ጥጋቡ፦ ታዲያ፣ ይቅር?

ሸዋረገድ፦ ስብሰባውን ጠዋት ጥራው። ጠዋት ጠዋት ለጉሊቷ ሽንኩርት ልታመጣ አትክልት ተራ ትወርዳለች።