የሞቀው ግድግዳ

ፈሪ ሰው ነኝ፤ ይህን ከመጀመሪያው ብናገር ይሻላል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለ እሳተ ገሞራ ያላወራሁት የለም፤ የቤቴን ማብሪያ ግን እስከ ዛሬ በእርጥብ እጄ ነክቼው አላውቅም። ስለዚህ የምተርከው ነገር ፈሪን ለመንቀፍ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። እኔ የምለው፣ ሰው ሲፈራም ምን መፍራት እንዳለበት ይወቅ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋዜጣዬን ይዤ ወደ ቤቴ ስወጣ ልብስ ሰፊውን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ቤታቸው ከእኔ በላይ፣ በመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያው ይሰፋሉ፣ እዚያው ይኖራሉ። መብራት ከጠፋ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። አጠገባቸው አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል።

«ምነው፣ በደህና?» አልኳቸው።

«ደህና ነኝ መምህር። ባዶውን አስለውጬ መመለሴ ነው፤ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ እንጂ። እሷ የያዘችው ሩብ ብቻ ነው የቀረው።»

እሷ የሚሏቸው ባለቤታቸውን ነው። ሳንባቸው ከታመመ ቆይቷል። ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራ ማሽን አላቸው፤ መብራት ሲጠፋ ወደ ሲሊንደር ይዞራሉ። ደረጃ ከወረዱ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ከላይ የሰውየው የሩጫ ኮቴ ይሰማኛል፤ እኔም ጋዜጣዬን አስቀምጬ ኮቴው እስኪቆም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ሲሊንደሩን ለሁለት ልናነሳ ስንታገል ከታች አንዲት ወጣት የመሣሪያ ቦርሳ በትከሻዋ አንጠልጥላ ደረሰች። የልብስ ሰፊው እህት ልጅ ናት፤ ኤሌክትሪሻን። የከተማው አስተዳደር በአሮጌ ሕንፃዎች ጣሪያ ላይ ሶላር የሚተክልበት፣ ኃይል እንዳይባክንም ያረጀ ሽቦና አምፖል የሚለውጥበት ፕሮግራም ውስጥ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ ይሄን ተሸክመው ይወጣሉ? ምነው ቢደውሉልኝ?» ብላ ሲሊንደሩን ከእጃችን ነጥቃ ወጣች።

«ለፊርማው ከሆነ የመጣሽው» አሉ ከኋላዋ እያለከለኩ፣ «ሻይሽን ጠጥተሽ ትሄጃለሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶላሩ እንዲተከል ከልብስ ሰፊው በቀር የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ ፈርሟል፤ እኔም ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አንብቤ ፈርሜያለሁ። ወደ ጣሪያው መውጫው ግን በልብስ ሰፊው በረንዳ በኩል ብቻ ነው፤ እሳቸው እምቢ ካሉ ማንም አይወጣም። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ነገ ነበር።

እኔም ወሬ ወዳድ አይደለሁም፣ ግን ተከትያቸው ገባሁ።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ፊተኛው መስፊያው ነው፤ መቁረጫ ጠረጴዛ፣ የስፌት መኪና፣ ካውያ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የጨርቅ ጥቅል። ከጨርቁ መደርደሪያ ጀርባ ባለው ግድግዳ ማዶ ሴትየዋ ይተኛሉ። በሩ ክፍት ስለሆነ ትራስ ተደግፈው፣ ቱቦው አፍንጫቸው ላይ ሆኖ ይታያሉ። ገና ሲሊንደሩ ተቀይሮ ሳያልቅ መብራት መጣ። ማሽኑ እያጉረመረመ ተነሳ፤ ልብስ ሰፊውም ግንባራቸውን ጠርገው ካውያቸውን ሰኩ። ለቀትር የሚፈለግ ኮት ነበረባቸው።

«እንግዲህ ተናገሪ» አሏት እየተኮሱ። «መልሴን ግን ታውቂዋለሽ።»

«መልስዎን አውቃለሁ፤ ምክንያቱን ግን ነግረውኝ አያውቁም። እሱን ልስማ።»

ካውያውን ቀና አድርገው አቆሙት።

«በልጅነቴ ስፌት ያስተማሩኝ የጌታዬ ሱቅ ተቃጠለ። ከኮርኒሱ በላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው የተነሳው። ከላይ የሚመጣ እሳት አስቀድሞ አይናገርም ልጄ፤ ቀና ስትዪ ራስሽ ላይ ነው። እኔ በመስኮት ዘለልኩ። ጌታዬ ግን ወፍራም ነበሩ።» ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ። «አሁን ከራሴ በላይ፣ ከእሷ ራስ በላይ፣ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ላስቀምጥ? እኔስ እሮጣለሁ፤ እሷ የት ትሮጣለች?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔም በልቤ ሳልወድ ከእሳቸው ጎን ቆምኩ።

«ትክክል ነው የፈሩት» አለች። ይህን አልጠበቁም። «እኔም ይሄን ሥራ ስጀምር የተማርኩት መጀመሪያ መፍራት ነው። የሶላር ሰሌዳው ግን ራሱ የሚነድ ምድጃ አይደለም። አደጋ የሚመጣው ከገመዱና ከመገጣጠሚያው ነው፤ ስለዚህ ገመዱ በብረት ቱቦ በውጭ ግድግዳ ይወርዳል፣ አንድ ክንድ ያህል እንኳ በኮርኒስዎ ውስጥ አያልፍም። በረንዳው ላይ ደግሞ እርስዎ ራስዎ የሚያጠፉት ማጥፊያ ይኖራል።»

«መብረቅስ? ጣሪያ ላይ ብርጭቆ ደርድረሽ ና ብለሽ ልትጠሪው ነው?»

«ሰሌዳ ስላለ መብረቅ አይመጣም። ከመጣ ደግሞ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ እናስገባለን። አሁን ጣሪያዎ ላይ እሱ እንኳ የለም፤ ትናንት ከማዶ ሕንፃ ሆኜ አይቼዋለሁ።»

«ጣሪያውንስ በስታችሁ ዝናብ ብታወርዱብን?»

«አይበሳም። ሰሌዳው የሚቆመው እግሩ ላይ በሚጫን ክብደት ነው። መሐንዲስ ጣሪያው መቻሉን ሳያረጋግጥ አንድ ሰሌዳ አይወጣም።»

«ለሁሉም መልስ አላት» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «መምህር፣ እርስዎም እንዲህ ነበር የሚያስተምሩት?»

«እኔ ተማሪዎቼ ይህን ያህል አይጠይቁኝም ነበር» አልኩ።

ከውስጥ ሴትየዋ ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ። ልጅቱ ተነስታ ሄደች፤ ውሃ ሰጠቻቸው፣ ትራሱን አስተካከለች።

«ተያቸው» አሏት ሴትየዋ ቀስ ብለው። «ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ነው። ነይ እኔ ዘንድ ተቀመጪ። ጀርባሽን ወደ ግድግዳው አስጠጊ፤ ይሞቃል። ወገቤን ያሻለኝ ይሄ ግድግዳ ነው።»

ልጅቱ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን ወደ ኋላዋ ሰዳ ግድግዳውን ነካችው። ከወገብ በታች ነካች፣ ከፍ አድርጋ ነካች፣ ወደ ጎን ሄዳ ነካች። ፊቷ ሲለወጥ በበሩ በኩል አየሁ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እትዬ?»

«ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ይመስለኛል። ፀሐይ እየመታው ነው እላለሁ።»

«ይሄ ግድግዳ ፀሐይ አያገኘውም» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ጋሼ፣ ካውያውን ይንቀሉልኝ። አሁን።»

የሰውየው እጅ ቀድሞ ታዘዘ። እሷም ከመደርደሪያው የጨርቅ ጥቅል እያወረደች ወለሉ ላይ ትጥል ጀመር። እኔም ላግዛት ቀረብኩ፤ ያን ጊዜ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ነበር። እውነቱን ልናዘዝ፦ ይህን ሽታ ደረጃው ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሸትቼዋለሁ። ያረጀ ሰው አፍንጫ ነው፣ ሰው ይስቅብኛል ብዬ ዝም አልኩ። የተማረ ሰው ነኝ ባይ፣ ከሰው ሳቅ ይልቅ እሳትን መፍራት አቃተኝ።

ሲሊንደሩን ከፍታ ሴትየዋን ወደ እሱ አዞረችና ወደ ቆጣሪው ሳጥን ሄደች። ዋናውን አጥፍታ የፊውዙን ክዳን ነቀለች። ፊውዙ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ነበር። ክር በማጠንጠኛ ላይ እንደሚጠመጠም፣ ዙር በዙር፣ በሚያምር ሁኔታ።

«ማነው ይሄን የሠራው?»

የእጅ ሥራውን ያየ ሰው መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ ልብስ ሰፊው። «ካውያውና ማሽኗ አብረው ሲሠሩ ይበጠስ ነበር። በተበጠሰ ቁጥር ማሽኗ ይቆማል። አንድ ቀን ዚፕ ልገዛ ወርጄ ስመለስ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘኋት። መቆሙን እንኳ አላወቀችም፣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዳይበጠስ አድርጌ አሰርኩት። ይኸው እስከ ዛሬ ተበጥሶ አያውቅም።»

ልጅቱ ጨርቁ ወደተነሳበት ግድግዳ ተመለሰች። ከዚያ በካቻቢቴዋ ጫፍ ግድግዳውን ነካ ነካ አደረገችው፤ ልስኑ ተፈረፈረ። ሽቦው ታየ። ልባሱ ቀልጦ ጠቁሮ ወደ ታች ተንጠባጥቧል፤ ከጨርቁ መደርደሪያ እንጨት የሚለየው አንድ ጣት ብቻ ነው።

«ፊውዝ ሥራው መበጠስ ነው ጋሼ» አለች። «ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ተው ብሎ የሚጮህለት እሱ ነው። እርስዎ አፉን ዘጉት። ሽቦው ከዚያ ወዲህ በዝምታ ሲግል ነው የከረመው። ኦክስጅን በሚነፍስበት ክፍል እሳት ቢነሳ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። መምህር ከታች እስኪሰሙ አይቆይም።»

እኔ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊው ግን ቆመው ቀሩ። ከላይ ይመጣል ብለው ዓመታት ሲጠብቁት የኖሩት እሳት በራሳቸው እጅ ተጠምጥሞ፣ ከሚስታቸው ጀርባ ተቀምጦ ኖሯል። ገብተው አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«ላቃጥልሽ ነበር» አሏቸው። «እንዳትሞቺብኝ ብዬ ላቃጥልሽ ነበር።»

«አውቀህ ነው እንዴ?» አሉ ሴትየዋ። እጃቸውን ያዙ። «አሁን ልጅቱን ስማት። የሚያውቅ ሰው ሲገኝ መስማት ነው።»

ከዚህ በኋላ ጥያቄያቸው ክርክር መሆኑ ቀረ።

«ያ ሰሌዳ ሲጨመርበት ይሄ ሽቦ አይብስበትም?»

«ለዚህ ነው ከጣሪያው በፊት ከግድግዳው የምንጀምረው። አሮጌ ሽቦ ሳይለወጥ ሰሌዳ አይወጣም፤ እርስዎ ቢፈርሙ እንኳ እኔ አልፈርምም። ማሽኑ ለብቻው መስመር ይኖረዋል፣ ካውያው ለብቻው። የካውያው ቢዘጋ የእትዬ ማሽን አይነካም። ቀን ሰሌዳው ባትሪውን ይሞላል፤ የከተማው መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ሳይቋረጥ ከባትሪው ይወስዳል።»

«ካውያዬንስ ይችለዋል?»

«ባትሪው? አይችልም። ካውያ ሆዳም ነው፤ የእትዬን አየር ይበላባቸዋል። የሚተኮሰውን አጠራቅመው ፀሐይ ስትበረታ፣ ቀትር አካባቢ ይተኩሱ። አምፖሎቹን በማይግሉት እንለውጣለን፣ የመስኮቱን ክፍተት እንደፍናለን። የማይባክን ነገር ነው የሚበቃው።»

«የማይባክነውንማ እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ከአንድ ጨርቅ ኮትና ሰደርያ የማወጣ ሰው ነኝ። አምጪ ወረቀቱን።»

ፈረሙ። ስማቸውን ሲጽፉ ግን እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ አቆሙት፤ ፍርሃት በአንድ ረፋድ አይለቅም። ሴትየዋ ያን ቀንና ሌሊት በሲሊንደር አሳለፉ፤ ልጅቱም ከባልደረቦቿ ጋር የተቃጠለውን ሽቦ አውጥታ አዲሱን እስክታስገባ ከቤቱ አልወጣችም።

ሰሌዳዎቹ ከወጡ አምስት ወር ሆኗቸዋል። ደረጃችን ላይ ያለው መብራት አይጠፋም፤ አሮጌ ሽቦ ሁሉ ስለተለወጠ የኔም ግድግዳ ቀዝቃዛ ነው፣ በየማለዳው በመዳፌ እየነካሁ አረጋግጣለሁ። የጎረቤት ሕንፃ ሰዎች ሊጠይቁ ሲመጡ የሚያስረዱት ልብስ ሰፊው ናቸው። ከሰሌዳው አይጀምሩም። «መጀመሪያ የፊውዝ ሳጥናችሁን አሳዩኝ» ይላሉ፤ የራሳቸውን ጥፋትም ሳያፍሩ ይነግሯቸዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኔም አሁን የሸተተኝን ሁሉ እናገራለሁ፣ ይስቁብኝ።

ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ጠፋ። ኮት ልለካ እሳቸው ዘንድ ቆሜ ነበር። ማዶ ካለው ሕንፃ የሰው ጫጫታ ሲሰማ ልብስ ሰፊው ደነገጡ፤ ሜትራቸውን አንገቴ ላይ ጥለው ወደ ውስጥ ሮጡ። እኔም በበሩ በኩል ትንፋሼን ይዤ ተመለከትኩ። ማሽኑ እያጉረመረመ ነው። ሴትየዋ መነጽራቸውን አድርገው አዝራር ይተክላሉ።

«ምን ሆነህ ነው የምትሮጠው?» አሏቸው ቀና ሳይሉ።

«መብራት ጠፋ።»

«እኔ አለሁ» አሉ። «መምህሩን አታስቁማቸው፤ ሂድና ልካቸው።»