ልጁን ያስተኛው ደብዳቤ

የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ጋዜጣ የማነብ፣ የሰማሁትንም ቃል በቃል የምይዝ ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ ከልደታ በተክለ ሃይማኖት በኩል፣ ተሳፋሪው ትይዩ በሚቀመጥበት በውይይት ታክሲ ስሄድ፣ ፊት ለፊቴ አንዲት ወጣት እናትና አንዲት አሮጊት ተቀምጠው ነበር።

«ይሄ የያዝሽው ወረቀት ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«የልጄ የመኝታ ደብዳቤ ነው፣ እማማ።»

«የምን መኝታ?»

«ሳንባ ምች ይዞት፣ ሐኪሙ ሳምንት ይተኛ አለን። እሱ ግን ትኩሳት እያቃጠለው ኳስ ይላል። አባቱ ‹ጓድ ብሩክ አልጋ ላይ እንዲቆይ ተወስኗል› ብሎ ጻፈና በቆርኪ ማኅተም መታበት።»

«በቆርኪ?»

«ቀለም ቀብቶ። አምስት ዓመቱ ነው፤ ማንበብ ባይችልም ማኅተም ያውቃል። ወዲያው ተኛ።»

«ቀስ ብለሽ አውሪ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ፣ ልጄ ድኖልኛል። አሁን የቸገረኝ መነሣቱ ነው። የመነሻ ደብዳቤ ካልመጣ አልነሣም አለ።»

«አባቱ ይጻፍለታ።»

«ለሥራ ክፍለ ሀገር ሄዷል። እኔው ጫር ጫር አድርጌ ማኅተሙን መታሁበት። አገላብጦ አየና ‹ፊርማውስ?› አለኝ። በአውራ ጣቴ ፈረምኩለት። ‹ይሄ ጣት ነው› አለኝ።»

«ጎረቤት አስፈርሚያ።»

«ልጄን እኔ ነኝ የማስነሣው። ይኸው መሠረተ ትምህርት ልመዘገብ እየሄድኩ ነው፤ ዛሬውኑ ይሄን ወረቀት አሳይቼ ስሜን መጻፍ አስተምሩኝ እላቸዋለሁ።»

እናትየዋ ተክለ ሃይማኖት ደርሳ ስትወርድ፣ ለማንም ቦታ የማልለቀው እኔ ጉልበቴን ሰብስቤ አሳለፍኋት።