የመምህርት ደጊቱ ሰባት ደብተሮች

መምህርት ደጊቱ ይሄነው ከአባታቸው ከአቶ ይሄነው ሽመክትና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ ምህረቴ በ1955 ዓ.ም. ዳንግላ ተወለዱ። በኬሚስትሪ መምህርነት ሠልጥነው እንጅባራ ሲመደቡ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ታናሻቸውን ዮዲትን ይዘው መጥተው፣ አሳድገው፣ ራሳቸው አስተማሩ። እሳቸው ለዲግሪ የደረሳቸውን ዕድል እናታቸውን ለማስታመም ሲተዉ፣ ዮዲት ግን ገፍተው በአየር ጥናት ዶክተር ሆኑ። መምህርት ደጊቱ በ1980 ዓ.ም. ከአቶ ሀብቱ መሳፍንት ጋር ትዳር መሥርተው ልጆቻቸውን ሸጋንና እንቁን ወለዱ።

በ2003 ዓ.ም. ለጥናት የመጡ ሰዎች አየር እየሳበ ጢስና አቧራን በነጭ ወረቀት ላይ የሚያስቀር ትንሽ መሣሪያ ለትምህርት ቤቱ ትተው ሄዱ። መምህርት ደጊቱ መሣሪያውን ከቤተ ሙከራው ጣሪያ ላይ አስረው፣ ወረቀቱን ጠዋትና ማታ እየቀየሩና እየመዘኑ፣ መብራት የጠፋበትን ሰዓት ሳይቀር በደብተር አሰፈሩ። ከተማው “ጢስ መዛኟ” አላቸው።

በጥር 2006 ዓ.ም. ዶክተር ዮዲት ከሳተላይት ምስልና ከስሌት ተነሥተው የእንጅባራን አየር የገመቱበትን ባለቀለም ካርታ ለሕዝብ አሳዩ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ መምህርት ደጊቱ እጃቸውን አላነሡም፤ ሦስት ዓመት ጣሪያ የወጡት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ከተማዋን ከሰማይ ያዩት እህታቸው መመስገናቸው አንገበገባቸው። በዚያው ሳምንት ዶክተር ዮዲት ግምታቸውን የሚያመሳክሩበት የምድር ልኬት አጥተው ደብተሮቹን ቢጠይቁ፣ መምህርት ደጊቱ “አይጥ በላቸው” ብለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው።

ካርታው አየሩ ንጹሕ ነው ይል ነበር። ሳተላይቱ የሚያልፈው ረፋድና ቀትር ላይ ሲሆን፣ በአካባቢው ለከሰል ከሚተከለው ከደከረንስ ዛፍ ማክሰያ የሚወጣው ጢስ ግን ከተማው ላይ የሚተኛው በሌሊቱ ብርድ ነው። የቀኑ ወረቀት ነጭ፣ የሌሊቱ ጥቁር ሲሆን እያዩ መምህርት ደጊቱ የእህታቸው ስህተት ገብቷቸዋል፤ ደስ እንዳላቸውም ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ነዋሪው ከሰል ማክሰያው ከሰፈር ይራቅልን ብሎ አመልክቶ “ካርታው ንጹሕ ይላል” ተብሎ ሲመለስ እንኳ ዝም አሉ።

በ2010 ዓ.ም. በሆድ ካንሰር ታመው ባሕር ዳር ሲተኙ፣ ሥራቸውን ትተው ያስታመሟቸው ዶክተር ዮዲት ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት መምህርት ደጊቱ ሸጋን ልከው ሰባቱን ደብተሮች አስመጡና ለእህታቸው ሰጡ። ዶክተር ዮዲትም ገልጠው አይተው፣ “እታለም፣ ይኸ አይጥ መቼም ጽሕፈቱ ያምራል” ከማለት በቀር የተናገሩት የለም። ልኬቱ ከሳተላይቱ ጋር ተሰልቶ ካርታው ተለወጠ፤ ማክሰያውም ከሰፈር ራቀ። በአዲሱ ጥናት ላይ ቀድሞ የተጻፈው የመምህርት ደጊቱ ስም ነው። እሳቸው ግን ጥናቱ በአዳራሹ በቀረበ ዕለት ከአልጋቸው ሆነው የጠየቁት፣ ጭብጨባው ከፊተኛው ይበልጥ እንደሆነ ነበር።

ይህ ቅናታቸው በዜና ሕይወታቸው እንዳይዘለል ያዘዙት ራሳቸው ናቸው፤ ልኬት ከተዘለለ ግምቱ ይሳሳታል ብለዋልና።

መምህርት ደጊቱ የካቲት 9 ቀን 2011 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና፣ ዛሬ ጠዋት ወደ ቀብር ከመምጣታቸው በፊት ጣሪያ ወጥተው ወረቀቱን የቀየሩትን እህታቸውን ትተዋል። ልብን በማይዛነፍ ሚዛን የሚመዝን አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍ፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።