ከሻጭነት ወደ ሠሪነት

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በስደት በምንኖርበት በፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ከዝናብ ለመጠለል አንድ መደብር ገባሁ። ባለቤቱ የቆየ ወዳጄ አቶ ዓባይነህ ሆነው አገኘኋቸው። የሠራተኛ ልብስ ከፋብሪካ እየገዙ ለሆቴሎች የሚያከፋፍሉ ኩሩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን ፊታቸው በቁጣ ጠቁሯል።

«ከዱኝ!» አሉ፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ። «ፋብሪካው ደንበኞቼን በቀጥታ ኮል አድርጎ ወሰዳቸው!»

«መውሰዱ አይቀርም ነበር፣ ጋሼ» አለች የእህታቸው ልጅ ተናኘ፤ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ የተማረች ናት። «የሰው ዕቃ የሚያሻግር ሰው፣ ባለዕቃው በቃህ ያለው ዕለት ባዶ እጁን ይቀራል። እኛው እንስፋ ብዬ ስንቴ ለመንኩዎ? መርካቶ ልብስ ሲሰፋ ያደገው ያገራችን ልጅ ዋቅጅራ ሙያውን ትቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፓርኪንግ ይጠብቃል።»

«የነጋዴ ልጅ መርፌ ልያዝ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ይኸው ነው ያደኸየን! አንጥረኛውን ቡዳ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያልን ሰደብን፤ ከዚያ መርፌ እንኳ ከውጭ ገዛን!»

«ማምረት አቅም ላለው ነው፤ እኛ ምን አለን?»

«ሆንግ ኮንግስ ከወደብ በቀር ምን ነበራት? የቻይናን ዕቃ ስታሻግር ኖራ፣ በኮሪያ ጦርነት ጊዜ በቻይና ላይ ማዕቀብ መጣና ንግዷ ደረቀ። ከሻንጋይ የተሰደዱ ሰዎች ግን የፈትልና የሽመና ሙያ ይዘው ገብተው ነበር፤ ፋብሪካ ከፈቱ። ሲንጋፖርም እንግሊዝ ለብዙ ሰው ሥራ ይሰጥ የነበረውን ጦሩን ሲያስወጣ ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። ለፋብሪካ መሬት አዘጋጀች፣ ልጆቿን ሙያ አስተማረች፣ ሥራውን የሚያውቁ ኩባንያዎችን ጋበዘች። የድሮው ንግድም አልባከነም፤ ወደቡ የራሳቸውን ምርት መላኪያ ሆነ። እርስዎም ገበያውን ያውቁታል፤ የጎደለዎ የሚሠራ እጅ ነው።»

ድምፅዋ ለታላቅ ከሚገባው ወሰን አልፎ ነበር፤ እውነት ስለ ተናገረች ግን አልገሠጽኳትም።

አቶ ዓባይነህ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። «ዋቅጅራ እሺ ይላል?»

«እርስዎ ራስዎ ከለመኑት።»

በማግስቱ ሄዱ። ዋቅጅራም «ተቀጣሪ ሳይሆን ሸሪክ ከሆንኩ» አለ፤ እያቅማሙ ተስማሙ። መደብሩ ጓሮ የስፌት መኪና ተክለው ሥራ ያጡ ሴቶች ቀጠሩ፤ አንድ ሆቴል ለሙከራ ያዘዛቸው የመጀመሪያዎቹ ሽርጦች ግን ተጣመው ስለ ነበር ተመለሱ፤ ዋቅጅራ ስፌቱን አስፈትቶ እንደገና አሰፋቸው። ውሎ አድሮ ልክ ያልሆነውን ልብስ በዚያው ሳምንት ማስተካከላቸው፣ ሩቅ ያለው ፋብሪካ የማይችለው ነገር ሆነ፤ የሸሹት ደንበኞችም ተመለሱ። ሴቶቹም እዚያ ሙያ ተምረው የገዛ ቤታቸውን አስተዳደሩ።

በሁለተኛው ዓመት ፋሲካ፣ በእነ አቶ ዓባይነህ ግብዣ ላይ አንድ እንግዳ ወደ ዋቅጅራ እየጠቆመ «ይሄ ልብስ ሰፊ ከእኛ ጋር ምን ያደርጋል?» አለ።

አቶ ዓባይነህ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «የለበስከውን ልብስ ማን ሠራው? ሰፊ አይደለም?»

ሰውዬው የገዛ ኮቱን ቁልቁል አየ።

«እንግዲያው ተነሥና እጅ ንሣው!»