ሜዳ ስንቀያየር

(በአንድ የአዲስ አበባ የቴኒስ ክበብ፣ የሴቶቹ የፍጻሜ ጨዋታ ካለቀ በኋላ፣ ከልብስ መቀየሪያው ደጅ፤ አሰልጣኝ ልሳነወርቅ የገዛ ልጁን ሶልያናን አሸንፋ ዋንጫ የወሰደችውን ሌላዋን ተማሪውን ትርሲትን አስቁሟታል።)

ልሳነወርቅ፦ ዋንጫው የትም አይሄድብሽም። አስቀምጪውና መልሺልኝ፤ ሜዳ ስትቀያየሩ ለልጄ ምን አልሻት?

ትርሲት፦ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ አይባልም ጋሼ?

ልሳነወርቅ፦ እንኳን ደስ ያለሽ። ምን አልሻት?

ትርሲት፦ ውሃ እየጠጣን ነበር። ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው ያወራል።

ልሳነወርቅ፦ ውሃ የጠጣች ልጅ እንደዚያ አትሆንም። የመጀመሪያውን ዙር ወስዳ፣ ሁለተኛውንም እየመራች፣ ካንቺ አጠገብ ተቀምጣ ተነሣች። ከዚያ ወዲያ አንድ ጌም አላገኘችም። ኳሱ በአጠገቧ ሲያልፍ ቆማ ታየው ነበር። ሲያልቅ ራኬቷን ወንበር ላይ ጥላ ወጣች።

ትርሲት፦ ልቧ ከድቷት ይሆናላ። «ጨዋታ የሚሸነፈው በክንድ አይደለም፣ በልብ ነው» የሚሉት እርስዎ አይደሉም?

ልሳነወርቅ፦ የኔን ቃል ለኔ አትመልሺልኝ።

ትርሲት፦ ሌላ ቃል ከየት ላምጣ? ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት የእርስዎን ነው። በሰው ፊት «ቆሎ ለዘር አይሆንም» ብለውኝ፣ ሳለቅስ ደግሞ «እንባሽን ጨርሰሽ ስትመጪ ሰርቭ ትመቺያለሽ» ያሉኝ ትዝ ይልዎታል?

ልሳነወርቅ፦ ሰድቤሽ ነው ዛሬ ዋንጫ የያዝሽው። ያባበልኳቸው ሁሉ ትሪቡን ላይ ተቀምጠው ፈንዲሻ ይበላሉ።

ትርሲት፦ እንግዲያው ልጅዎን አባብለዋት ይሆናል።

ልሳነወርቅ፦ ትርሲት።

ትርሲት፦ አቤት።

ልሳነወርቅ፦ በትዕግሥቴ አትጫወቺ።

ትርሲት፦ እነግርዎታለሁ። ግን በቅደም ተከተል ይሁን። እሷ በመጀመሪያው ዙር ምን ያለችኝ ይመስልዎታል?

ልሳነወርቅ፦ እኔ በምን አውቄ።

ትርሲት፦ እየመራሁ ነበር፤ አምስት ለሁለት። አጠገቤ ተቀመጠች፣ ፎጣዋን አፏ ላይ አድርጋ «አባትሽ በሩ ጋ ቆሞ ሲያይሽ ነበር፤ ሄደ» አለችኝ።

ልሳነወርቅ፦ ልጅ ናት፤ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

ትርሲት፦ ተነሥቼ ሰርቭ ልመታ ስል ዓይኔ በሩ ላይ ቀረ። ኳሱ መረብ፣ ደግሞ መረብ። ዙሩን አስረከብኳት። አባቴ አዳማ ላይ በጨዋታ መሐል ተነሥቶ እንደወጣ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሊያየኝ እንዳልመጣ፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ኳስ ወደ ላይ በወረወርኩ ቁጥር በሩን እንደማይ እናቴ እንኳን አታውቅም። የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው።

ልሳነወርቅ፦ ሰው ወሬ ይሰማል...

ትርሲት፦ ለአንድ ሰው ነው ጋሼ። ሐዋሳ፣ ለውድድር የሄድን ጊዜ። «የሚሰብርሽን ንገሪኝ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው የጠየቁኝ እርስዎ ነዎት። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ አልቅሼ ነገርኩዎት።

ልሳነወርቅ፦ እና መድኃኒቱ አልሠራም?

ትርሲት፦ እርስዎ ነዎት በያት ያሏት ማለት ነው።

ልሳነወርቅ፦ እኔ ነኝ። ምን ይሁን? ነገ ለብሔራዊ ቡድን ስትሰለፊ ቁስልሽን ፈልገው የማያገኙት መሰለሽ? በሰው ቁስል እንጨት የሚሰድ ሞልቷል። ባዕድ ከሚሰድብሽ እኔ ልስደድብሽ አልኩ። መጀመሪያ ተሰበርሽ፣ ኋላ ግን ጨክነሽ ተነሣሽ። ይኼን ማን ሠራው?

ትርሲት፦ ልጅዎ ዋንጫውን እንድትወስድ አልነበረም ይሉኛል።

ልሳነወርቅ፦ ሜዳ ላይ ልጅ የለኝም። ሁለታችሁም ተማሪዎቼ ናችሁ።

ትርሲት፦ እኔም እንደዚያ ብዬ ነው። እኔ ከወሰድኩ፣ ለሷም ከመድኃኒቱ ይድረሳት አልኩ።

ልሳነወርቅ፦ ምን አጠጣሻት?

ትርሲት፦ የእርስዎን ቃል። እዚያው ሐዋሳ፣ በማግሥቱ፣ እሷ በግማሽ ፍጻሜው ተሸንፋ ልብሷን ስትቀይር መኪና ውስጥ ስንጠብቃት ያሉኝን።

ልሳነወርቅ፦ ምን አልኩሽ?

ትርሲት፦ «ይህቺ ልጅ እግር እንጂ ልብ አልፈጠረባትም። ምነው አንቺን በወለድኩ» አሉኝ። እየሳቁ።

ልሳነወርቅ፦ ይኼንን ለልጄ ነገርሻት?

ትርሲት፦ ቃል በቃል። ሳቁን ብቻ ተውኩት።

ልሳነወርቅ፦ ተናድጄ ያልኩት ነው። ሰው ሲናደድ ስንቱን ይላል።

ትርሲት፦ እሷም ውሸት ነው አላለችኝም። «መቼ ነው ያለው?» ብቻ ብላ ጠየቀችኝ። ሐዋሳ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ድሮም የምታውቀውን ነገር እንደነገርኳት ሁሉ።

ልሳነወርቅ፦ ቤቴ አብራችሁ ያደጋችሁ ልጆች። ከአንድ ትሪ የበላችሁ። እንዴት አስቻለሽ?

ትርሲት፦ እሱን ነው እኔም የማስበው። እሷን ከነገርኳት በኋላ በሩን አላየሁም። ኳሱ ትልቅ ሆኖ ታየኝ። እግሯ ሲተሳሰር እያየሁ ወደ ጥግ ወደ ጥግ ሰደድኩባት። አላሳዘነችኝም። ያዘንኩት ኋላ ነው፤ እሱም የሚገባኝን ያህል አይደለም። ይኼን ሁሉ ዓመት የለመኑልኝ ጭካኔ እሱ ከሆነ፣ ስለትዎ ሰምሯል።

ልሳነወርቅ፦ ጉድጓድ ስትምሺ አታርቂው ይባላል።

ትርሲት፦ እኔ ምን ማስኩ? የተማሰ ነው ያገኘሁት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።

ልሳነወርቅ፦ እሺ። ጥፋቱ የኔ ይሁን። አሁን ፈልጊያትና ውሸቴን ነው በያት። ካንቺ ከሰማች ታምናለች።

ትርሲት፦ ውሸት ነው እንዴ?

ልሳነወርቅ፦ አባቷ ነኝ እኮ።

ትርሲት፦ የጠየቅኩዎት እሱን አይደለም።

ልሳነወርቅ፦ ስልኳን ዘግታለች። ቤት ደወልኩ፤ እናቷ አልመጣችም አለችኝ። ሹራቧን እንኳን አልያዘችም፤ ሰማዩን ተመልከቺው። ስታለቅስ አልፈራላትም፤ ዝም ስትል ነው። ስትወጣ አየኋት፤ እንባ አልነበራትም።

ትርሲት፦ ዋንጫው ከመሰጠቱ በፊት እዚህ ውስጥ አግኝቻታለሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔም ተቀመጥኩ።

ልሳነወርቅ፦ ምን አለችሽ?

ትርሲት፦ «አባባ በያት ብሎኝ ነው፤ እምቢ ማለት ነበረብኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ማንም በያት ሳይለኝ እንዳልኳት ነገርኳት። ከዚያ ወዴት እንደምትሄድ ነገረችኝና ወጣች።

ልሳነወርቅ፦ ተመስገን። የት ነው?

ትርሲት፦ ደህና ቦታ ናት። የሚበርዳት ቦታ አይደለም።

ልሳነወርቅ፦ የት ነው አልኩሽ።

ትርሲት፦ ለእርስዎ እንዳልናገር አደራ ብላኛለች።

ልሳነወርቅ፦ የኔን ነገር ስትዘረግፊ አደራ የት ሄዶ ነበር?

ትርሲት፦ እርስዎ መች አደራ አሉኝ?

ልሳነወርቅ፦ ስሚኝ ልጄ። እኔ ማንንም ለምኜ አላውቅም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ይኸው እየለመንኩሽ ነው። ቦታውን ብቻ ንገሪኝ፤ ለማንም አልናገርም፣ ካንቺ እንደሰማሁም አላነሣባትም። በኔና ባንቺ መካከል ይቀራል።

ትርሲት፦ እርስዎ ዘንድ የተቀመጠ ምሥጢር ምን እንደሚሆን እኔም ሶልያናም ዛሬ አይተነዋል ጋሼ።